ጥርጣሬያችን ወደ ማን ያደላል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራትና ክቡራን ተጋባዥ እንግዶች፣

እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን አደረሳችሁ፤ እንኳንም ደኅና መጣችሁ።

የሥራ ክንውኑንና የሒሳብ ሪፖርቱን የሥራ ባልደረቦቼ በየተራ ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም። ይህን የመክፈቻ ጊዜ እያደር ለሚከብደኝ አንድ ጉዳይ እንድጠቀምበት ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። አንባቢው ዜናችንን ከማንበቡ በፊት የማን ወገን መሆናችንን ማጣራት ጀምሯል። ምን ተፈጠረ ከማለቱ በፊት ማን ጻፈው ይላል። ይህን ልማድ ያስያዝነው እኛው ራሳችን ነን።

እስቲ በማናችንም የዜና ክፍል ሊያጋጥም የሚችል አንድ ምሽት እናስብ። ዕትሙ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል፤ አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዘገባዎች አሉ። አንደኛው አዘጋጁ የማይወደውን ፓርቲ መሪ በሙስና ይወነጅላል፤ ሁለተኛው የሚደግፈውን ፓርቲ መሪ። ሁለቱም የቆሙት ስማቸው እንዲገለጽ ባልፈቀዱ ሁለት ምንጮች ቃል ላይ ነው። አዘጋጁ የመጀመሪያውን አንብቦ «ጥሩ ሥራ ነው» ይልና ወደ ፊት ገጽ ይልከዋል። ሁለተኛውን ሲያነብ ብዕሩን ያነሣል። «ሰነድ አለ ወይ? የተወነጀለው ሰው ምን አለ? ሦስተኛ ምንጭ ፈልግ፤ ነገ እናየዋለን።» ነገም ከነገ ወዲያም ያልፋል፤ ዘገባው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ይህ አዘጋጅ አልዋሸም። ለሁለተኛው ዘገባ ያነሣቸው ጥያቄዎች በሙሉ ትክክለኛ ናቸው። የበደለው ለመጀመሪያው እነዚያኑ ጥያቄዎች ሳያነሣ በመቅረቱ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው፣ ለወገናችን እምነታችንን በልግስና እንሰጣለን፤ ለሌላው ማስረጃ አምጣ እንላለን። በኔ እምነት በሙያችን ውስጥ ከሐሰት ዜና ይልቅ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ይህ የጥርጣሬ አድልዎ ነው፤ ምክንያቱም የሚሠራው ሰው ራሱ አያየውም። እንዲያውም ጥንቃቄ ያደረገ ይመስለዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ዋልተር ሊፕማንና ቻርልስ መርዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጋዜጠኞች ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ሩሲያ አብዮት በ3 ዓመታት ውስጥ ያወጣውን ዜና፣ ከአንድ ሺህ በላይ ዕትሞችን አገላብጠው መረመሩ። በአብዮቱ ሥልጣን የያዙት የቦልሼቪኮች መንግሥት ሊወድቅ ነው ወይም ወድቋል የሚል ዜና 91 ጊዜ ወጥቶ አገኙ። ያ ሥርዓት የፈረሰው በ1991 ነው። መርማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል፦ ዜናውን ያዛባው በዋናነት የውጭ ሴራ ሳይሆን በዘጋቢዎቹና በአዘጋጆቹ ልብ ውስጥ የነበረ ተስፋና ፍርሃት ነው አሉ።

ከ13 ዓመታት በኋላ እዚያው ጋዜጣ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ጋሬዝ ጆንስ የተባለ ወጣት ዌልሳዊ ጋዜጠኛ ያኔ የሶቪየት ኅብረት አካል በነበረችው በዩክሬን መንደሮች በእግሩ ተዘዋውሮ ሕዝቡ በረሃብ እያለቀ መሆኑን በመጋቢት 1933 ይፋ አደረገ። የጋዜጣው የሞስኮ ዘጋቢ ዋልተር ዱራንቲ፣ ከዓመት በፊት የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሰው፣ የጆንስን ዘገባ አስተባበለ፤ ችግር እንጂ በረሃብ መሞት የለም ብሎ ጻፈ። በዚያ ረሃብ ሚሊዮኖች አልቀዋል። አንዱ ገበሬዎቹን ጠየቀ፤ ሌላው ለባለሥልጣናቱ ቀረበ። በ2004 ደግሞ ጋዜጣው ከኢራቅ ጦርነት በፊት ያወጣቸውን ዘገባዎች ራሱ መርምሮ፣ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት የሚሉት በጉልህ ቦታ ሲወጡ እነሱን የሚያጠራጥሩት አንዳንዴ ወደ ውስጥ ገጽ ተገፍተው እንደነበር ለአንባቢዎቹ አስታወቀ። ይህን ጋዜጣ የጠቀስሁት ከሌሎች የከፋ ስለሆነ አይደለም። መዝገቡ ክፍት ስለሆነና ስለተመረመረ ነው። የብዙዎቻችን መዝገብ ገና አልተመረመረም።

በእኛ ዘመን የተጨመረው ገበያው ነው። በ1846 የተመሠረተው አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ዜናውን የሚያደርሰው በፖለቲካ እርስ በርስ ለሚጠሉ ጋዜጦች ሁሉ ስለነበረ፣ ማንንም የማያስቀይም ደረቅ ዘገባ ይጠቅመው ነበር። ዛሬ ብዙ ተቋማት የሚኖሩት አንድን ወገን ሙጥኝ ብለው በመያዝ ነው። ፎክስ ኒውስ የ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ተጭበርብሯል የሚለውን ክስ ሲያስተላልፍ፣ ከአቅራቢዎቹ አንዳንዶቹ በግል መልእክቶቻቸው ክሱን እንዳላመኑበት፣ ተመልካች ወደ ተፎካካሪ ጣቢያ እንዳይሄድ ግን ይሰጉ እንደነበር በፍርድ ቤት ሰነዶች ታይቷል። ጣቢያው በ2023፣ በዚሁ ክስ ስሜ ጠፋ ብሎ ፍርድ ቤት ላቆመው ዶሚንየን ለተባለው የምርጫ መሣሪያዎች ኩባንያ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ለኩባንያው ተከፈለ፤ ያመነው ተመልካች ግን ምን ካሳ አገኘ?

አንዳንድ ባልደረቦች መፍትሔው ለሁለቱም ወገን እኩል ደቂቃ መስጠት ነው ይላሉ። አልስማማም። አንዱ በማስረጃ፣ ሌላው በባዶ ሜዳ ሲናገር እኩል ደቂቃ መስጠት ሌላ ዓይነት ማዛባት ነው። የዜና ቃላታችንም ይፈተሹ። የምንደግፈው ኃይል ሲገድል «የሰዎች ሕይወት አለፈ» ብለን፣ የምንጠላው ሲገድል ገዳዩን በርዕሱ ላይ በስሙ የምንጽፍ ከሆነ፣ የደቂቃው ማመጣጠን ምንም አይፈይድም።

አመለካከት የሌለው ሰው የለም፤ ከማንኛችሁም ይህን የሚጠይቅ ማኅበር አንሆንም። የምንጠይቀው የማጣራቱ ደንብ ለወዳጅም ለባላጋራም አንድ እንዲሆን ነው። ለዚህም ሥራ አስፈጻሚው አንድ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቷል። እያንዳንዱ የዜና ክፍል በየሩብ ዓመቱ የሚደግፈውን ወገን የሚጎዳ አንድ ዘገባ፣ የሚቃወመውን የሚጎዳ ሌላ ዘገባ መርጦ ለሌላ ተቋም ባልደረቦች ያስመረምራል፤ ስንት ምንጭ ነበረው፣ የተወነጀለው ሰው ምላሽ የት ላይ ገባ፣ በየትኛው ገጽ ወጣ፣ ክትትል ተደረገለት ወይ ይባላል። በፊት ገጽ የወጣ ስሕተት እርማቱም በፊት ገጽ ይውጣ የሚለውም ተካቷል።

ከሁሉም በላይ የማሳስባችሁ አንድ አንቀጽ ግን አለ። በአለቃው ወይም በባለቤቱ የሚወደደውን ዘገባ «ይህም እንደዚያኛው ይጣራ» ብሎ ያስቆመ ወጣት ዘጋቢ ከሥራ ቢታገድ፣ ማኅበሩ የሕግ ድጋፍና የደመወዝ መደጎሚያ ይሰጠዋል። ያለዚህ አንቀጽ የቀረው ሁሉ ወረቀት ነው። ሸክሙን በሙሉ በደካማው ትከሻ ላይ ጭነን ስለ ሥነ ምግባር ልንሰብክ አይገባም። ገንዘብ ይጠይቃል፤ የአባልነት መዋጮውም ከፍ ይላል። ይህን በግልጽ እነግራችኋለሁ።

የውሳኔ ሐሳቡ በእጃችሁ ባለው ሰነድ ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ለውይይት ይቀርባል። የምትቃወሙት ካላችሁ በመድረኩ ላይ ተናገሩ፤ ምክንያታችሁ በቃለ ጉባኤው ይሰፍራል። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ። አመሰግናለሁ።