የወለሉ ከፍታ ሳይለካ የማሸጊያ ቀለበት አይገዛም
በጅማ ከተማ መጸዳጃ ቤታቸውን በማደስ ላይ ላሉ ነዋሪዎችና ለቧንቧ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የቤት ባለቤቶች፣ የሙያ አጋሮቼ የቧንቧና የሴራሚክ ሠራተኞች፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምናገረው መጸዳጃ ቤት ሲታደስ በጣም ርካሽ ከሚባሉት ዕቃዎች ስለ አንዱ፣ ከተገጠመም በኋላ ለዓይን ስለማይታየው ነገር ነው፤ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከወለሉ ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ስለሚገባው የማሸጊያ ቀለበት። በከተማችን ቤት የሚያድስ ሰው ስለ ሴራሚኩ ቀለምና ስለ መታጠቢያው ቅርጽ ብዙ ይመክራል፤ ቀለበቱን ግን መቀመጫው በሚገጠምበት ጠዋት የተላከ ልጅ ካገኘው ሱቅ ገዝቶ ይመጣል። ይህ ልማድ እንዲቀር አጥብቄ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከታች የተበላሸውን ለማረም ከላይ የተሠራውን ሁሉ ማንሳት ግድ ይሆናል።

ቀለበቱ የሚጠብቀን ከፍሳሽ ብቻ ሳይሆን ከጋዝም ጭምር ነው። በመቀመጫው ጠመዝማዛ አንገት ውስጥ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ዘወትር ስለሚቀር፣ ከጉድጓዱ የሚመጣው ሽታ በመቀመጫው በኩል ወደ ቤት አይገባም። ከዚያ አንገት በታች ባለው መገናኛ ላይ ግን ከቀለበቱ በቀር የሚከለክል ነገር የለም። ከጉድጓድ የሚወጣው አየር ሜቴን፣ አሞንያና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይገኝበታል፤ ይህ የመጨረሻው ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። እዚህ ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድብናል፤ በአዌቱ ወንዝ ዳርና በቦዬ ረግረግ አቅራቢያ ባሉት ዝቅተኛ ሰፈሮች ክረምት ሲገባ መሬቱ ውኃ ይጠግባል፤ ጉድጓዱም ሲሞላ ከውኃው በላይ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። የአየር ማስወጫ ቧንቧ ያልተሠራለት ቤት ከሆነ፣ የላላ ቀለበት ካገኘ በዚያ ይወጣል።

ሽታ ሁሉ ግን ከቀለበቱ አይመጣም። ውኃ ለብዙ ቀናት ሲጠፋና መቀመጫው ሳይሠራበት ሲቆይ በአንገቱ ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ ያልቃል፤ አንድ ባልዲ ውኃ ሲደፋበት ሽታው ከቆመ ቀለበቱን ለመቀየር መቀመጫ መንቀል አያስፈልግም። መቀመጫው ሲቀመጡበት የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም ውኃ በተለቀቀ ቁጥር ከግርጌው እርጥበት የሚታይ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ቀለበቱ ይሂድ። በጭቃና በእንጨት በተሠሩት የቆዩ ቤቶቻችን ይህ እርጥበት የግድግዳውን እግር ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል፤ በፎቅ ቤት ደግሞ ሶሌታውን አልፎ የታችኛውን ክፍል ኮርኒስ ያበላሻል።

ከገበያ የሚገኙት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሰም ቀለበትና የጎማ ቀለበት። የሰሙ ቀለበት ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ሻካራና ያልተስተካከለ ገጽ ላይ ሲጫን ቀዳዳውን ሁሉ ሞልቶ ይይዛል፣ በሚገባ ከተገጠመም ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ድክመቱ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አለመመለሱ ነው። መቀመጫው ከተቀመጠ በኋላ ትንሽ ቢነሳ ወይም ቢወዛወዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ ስለዚህ መቀመጫው የተነሳ እንደሆነ ሰሙ ተፍቆ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። የማር አገር ሰዎች ስለሆንን ሰፈፍ አቅልጠን ራሳችን ብንሠራውስ የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። አይሆንም። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ በቤት ሙቀት ደረቅ ነው፤ በመደብር የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ከነዳጅ ተዋጽኦ የተዘጋጀ፣ በጣት ሲጫኑት የሚታዘዝ ለስላሳ ሰም ነው።

የጎማው ቀለበት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ተጭኖ መልሶ ይነሳል፣ መቀመጫውን አንስቶ እንደገና ማስተካከል ያስችላል፣ አነስተኛ እንቅስቃሴንም ይችላል። የሚፈልገው ንጹሕና ለስላሳ ገጽ ነው፤ የቧንቧው አፍ በመጋዝ ተቆርጦ ሸካራ እንደሆነ ከቀረ፣ ወይም የአሮጌ ሲሚንቶ ፍርፋሪ ከተጣበቀበት፣ ጎማው በዚያ በኩል አይገጥምም።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ ለሚለው መልሱ የሚገኘው ወለሉ ላይ ነው። እድሳት ሲደረግ ብዙ ጊዜ አሮጌው ሴራሚክ ሳይነሳ አዲሱ በላዩ ይነጠፋል፤ የሴራሚኩና የማጣበቂያው ውፍረት ተደምሮ ወለሉን 15 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ፍላንጁ፣ ማለትም በቧንቧው አፍ ላይ ያለውና መቀመጫው በብሎን የሚታሰርበት ክብ አንገትጌ፣ ግን በነበረበት ይቀራል። ያኔ የቀድሞውን ዓይነት ቀለበት የገዛ ሰው መቀመጫውን ሲያስቀምጥ ቀለበቱ ከመቀመጫው አፍ ጋር በቅጡ አይነካካም፤ ከላይ የሚያይም ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ሴራሚኩ ተነጥፎ ከደረቀ በኋላ ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ውኃ ልክ በፍላንጁ ላይ አጋድማችሁ ልዩነቱን በሜትር ለኩ። ፍላንጁ ከተጠናቀቀው ወለል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ካለ መደበኛው የሰም ቀለበት ይበቃል። ከወለሉ እኩል ከሆነ ወፍራሙን ውሰዱ። ከወለሉ በታች ከሆነ ግን ፍላንጁን በማስረዘሚያ ቀለበት ከፍ ማድረግ ወይም ለዚያ ጥልቀት የተሠራ ወፍራም ጎማ መጠቀም ይገባል፤ ሁለት የሰም ቀለበት መደራረብን አልመክርም፣ በመካከላቸው ባለው መገናኛ ሊንሸራተቱ ይችላሉና።

በብዙ ቤቶቻችን ደግሞ ፍላንጅ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም፤ 110 ሚሊ ሜትሩ የፒቪሲ ቧንቧ በወለሉ ልክ ተቆርጦ መቀመጫው በሲሚንቶ ይለጠፍበታል። ባልደረቦቼ ይህን የምታደርጉት ከስንፍና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ቶሎ ጨርሱ ይላል፣ ዕቃውም ሁልጊዜ አይገኝም። ነገር ግን ሲሚንቶ ማሸጊያ አይደለም። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከፒቪሲው ልሙጥ ገጽ ጋርም አይዋሐድም፤ መቀመጫውን ለማንሳት በተፈለገ ጊዜም ሸክላውን ሳይሰብሩ ማንሳት አስቸጋሪ ነው። እድሳቱ ወለሉን የሚነካ ከሆነ፣ ወደ ቧንቧው ውስጥ የሚገባ ፍላንጅ አምጥታችሁ በፊሸርና በብሎን ከኮንክሪቱ ጋር እሰሩት። የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ስለሚለያይ 110 የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ፤ የውስጡን ስፋት ለኩ።

መቀመጫ ስትገዙ መውጫው ከታች ይሁን ከኋላ አስቀድማችሁ እዩ። ከኋላ ወደ ግድግዳ የሚወጣው ይህን ቀለበት አይጠቀምም፤ ለእርሱ ባለ ከንፈር የጎማ ማገናኛ አለው። ከታች ለሚወጣው ደግሞ ከግድግዳው እስከ ቧንቧው መካከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ብዙ መቀመጫዎች ለ300 ወይም ለ305 ሚሊ ሜትር የተሠሩ ናቸው፣ ልኩም የሚወሰደው የግድግዳው ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

የእኔ ምርጫ ምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር። ፍላንጁ በትክክለኛው ከፍታ የታሰረ፣ ወለሉ የተስተካከለና ገጣሚው ልምድ ያለው ከሆነ ሰሙ ጥሩ ነው፤ ለተጨማሪ ወጪ ምክንያት አይታየኝም። ነገር ግን ወለሉ ከፍ ባለበት፣ ፍላንጁ አዲስ በተጨመረበት፣ መቀመጫውም ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊነሳ በሚችልበት የእኛ የተለመደ እድሳት ጎማውን እመርጣለሁ። ነጋዴዎችም ብትሆኑ፣ ገዢው የወለሉን ልክ ሳይነግራችሁ ቀለበት ስትሸጡለት ብትጠይቁት ትልቅ ውለታ ትውሉለታላችሁ።

ሲገጠም መቀመጫው ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ ብሎኖቹ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በትንሽ በትንሹ ይጥበቁ፤ ኃይል የበዛበት ሸክላ ይሰነጠቃል። የሚወዛወዝ ከሆነ በፕላስቲክ ሽብልቅ ይደገፍ እንጂ በብሎን አይጎተት። ከዚያ ውኃው ደጋግሞ ይለቀቅ፣ ግርጌው በደረቅ ሶፍት ይፈተሽ። ሲሊኮኑ የሚቀባው ይህ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከኋላ በኩልም ጥቂት ጣት የሚያህል ቦታ ሳይቀባ ይተው፣ ወደፊት ፍሳሽ ቢኖር በዚያ ወጥቶ እንዲታይ። ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ከደፈናችሁት ውኃው ተደብቆ ወደ ወለሉ ይሰርጋል።

ጠረጴዛው ላይ መደበኛውንና ወፍራሙን ሰም፣ ሁለት ዓይነት ጎማ፣ አንድም ማስረዘሚያ አስቀምጫለሁ። ቀርባችሁ በእጃችሁ ጫኗቸው፤ የቤታችሁን ልክ ይዛችሁ የመጣችሁም አሁን አንድ በአንድ እንነጋገርበት።