«ያዢኝ»

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ቃል የገባሁላችሁን የአክስቴን የሠርግ ታሪክ ልጨርስላችሁ ነበር፤ ይቆየን። ከማክሰኞ ሌሊት ጀምሮ አንድ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነው። እሱን ሳልናገር ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልኩም።

ማክሰኞ ሌሊት ዝናብ ነበር። 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። አየሁት፤ እሷ ናት። የድሬዳዋዋ ጓደኛዬ፣ አጥር ዘላ የመጣችው። ጠዋት እደውልላታለሁ አልኩና ስልኩን በግንባሩ ደፍቼ ተኛሁ። አየሁት እኮ። ሳላየው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

ጠዋት ስደውልላት «በስህተት ተነክቶ ነው» አለችኝ።

የድሬዳዋው ጎርፍ የመጣበትን ያን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ እሑድ ሊነጋ፣ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው። እንደገና አልተርከውም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከመካከሉ አንዲት ቅጽበት አለች፣ እሷን ማየት አለብኝ።

በድሬዳዋ መካከል የሚያልፈውን ደቻቱን ያላየ ሰው ወንዝ ሲባል ውሃ ይመስለዋል። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ኳስ የምንጫወትበት፣ ፍየሎች የሚተኙበት፣ ነጋዴው ዕቃውን የሚዘረጋበት፣ ከከዚራ ወደ መጋላ በእግራችን የምንሻገርበት አሸዋ። እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ይዘንባል፤ ውሃው ግን ወደ እኛ ይወርዳል። ስለዚህ ትልልቆቹ የሚያዩት ከራሳቸው በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ተራራውን ነበር። እናቴ ዛሬም፣ አዲስ አበባ ይህን ያህል ዓመት ኖራ፣ ሰማይ ሲዳምን ዞራ የምታየው ወደ እንጦጦ ነው። ከዚያ ምን እንደሚወርድባት አላውቅም። ታያለች ብቻ።

እኔ 9 ዓመቴ ነበር። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስሄድ እናቴ ፋኖስ ይዛ ውጭ ቆማ «አለሁ፣ አለሁ» ካላለችኝ የማልገባ ልጅ። መምህሩ ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀሪ የምባል ልጅ።

ድምፁን ስሰማ ባቡር መሰለኝ። የድሬ ልጅ በሌሊት ከባድ ድምፅ ከሰማ ባቡር ነው ብሎ ይተኛል። ከዚያ አልጋው ተንቀሳቀሰ። መብራት የለም። አባቴ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እናቴ ወንድሜን አቅፋለች፤ ገና የ5 ወር ሕፃን ነው። «ውረጂ! ውረጂ አልኩሽ!» ትላለች። እኔ የአልጋውን ብረት ጨብጫለሁ። በአንድ እጇ ልትጎትተኝ ሞከረች፤ አልቻለችም። ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

በዚህ መካከል ጓደኛዬ በራችን ላይ ቆመች። አንድ ጎረቤት ከግንብ አጥሩ ላይ ሆኖ ባትሪ ያበራል፤ በዚያ ብርሃን ነው ያየኋት። 10 ዓመቷ ነው። ውሃው ወገቧ ደርሷል፤ በሁለት እጇ የበሩን መቃን ይዛለች። ነይ ወይም አትፍሪ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። «ያዢኝ» አለችኝ። «ያዢኝ፣ ልወድቅ ነው።»

ወረድኩ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ክንዷን አስታውሳለሁ፤ ቀጭን፣ የሚያዳልጥ፣ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ወይም የሚንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው። ይዣት ወጣን፤ እናቴም ተከተለችን። ግንቡ ጋ ስንደርስ ወንድሜን ከእናቴ ተቀብዬ፣ ከራሴ በላይ አንሥቼ፣ ባትሪ ለያዘው ሰው ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እናቴ በየበዓሉ ይህን ስታወራ «ልጄ ያን ሌሊት አንበሳ ሆነች» ትላለች። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። እኔ ግን ያቺን ቃል አስባለሁ። በእውነት ልትወድቅ ነበር? ከወንዶች ጋር ተጋፍታ ኳስ የምትነጥቅ ልጅ፣ በዚያ ጎርፍ አጥር ዘላ እኛ ቤት የደረሰች ልጅ፣ እኔ እንድይዛት አስፈልጓት ነበር? ወይስ እኔን ከዚያ አልጋ የሚያወርደኝ ምን እንደሆነ አውቃ ነው? በ10 ዓመቷ?

አንድ ጊዜ ቡና እየጠጣን ጠይቄያታለሁ። «እንዲህ ብዬሽ ነበር?» አለችኝ። አታስታውስም። ወይም አላስታውስም ማለትን መርጣለች።

ስለ አያቷ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ዛሬም አልናገርም፤ የእሷ ነው። ይህን ብቻ ልበል፤ ያን ሌሊት ከቤቷ ወጥታ መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው።

በከተማችን ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በሳምንቱ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ ያንን ሁሉ ሕዝብ ወሰደ፤ አገሩ ሁሉ በውሃ የሚያልቅ ይመስለን ነበር። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለን ሳለ ቡሄ ደረሰ። ልጆቹ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ ሊሉ ተነሡ። የሚጨፍሩበት ደጅ ግን የለም። ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ፣ በየመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ጨፈሩ። ሙልሙል አልነበረም፤ እናቶች በእርዳታ ከመጣው ብስኩት ሰጧቸው። እኔም ከወንዶቹ ኋላ ሆኜ እየጮኽኩ ተቀበልኩ፤ «አቤት» ማለት የሚያቅተኝ እኔ! ዘወር ስል አጠገቤ የለችም። አዲስ አበባ፣ ዘመድ ጋ ተወስዳለች። ሳልሰናበታት።

አሁን ክረምት ሲገባ የምትተኛው ልብሷን እንደለበሰች ነው። ጫማዋን አልጋው ሥር፣ አፉን ወደ ውጭ አዙራ ታስቀምጣለች። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ያን ሌሊት የሰጠችኝ ከራሷ ቀንሳ ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ እኔ ጋ የተረፈው እሷ ጋ የጎደለው ይሆን... አይ። ድፍረት ጎረቤት በሲኒ ለክቶ የሚበዳደረው ስኳር አይደለም። እንዲህ ማለት እሷንም ማሳነስ ነው። ተዉት፣ ይህን አልኩ አትበሉ።

ግን 8 ሰዓት ላይ ደወለች። ዝናብ እየዘነበ። በ20 ዓመት ውስጥ በሌሊት ደውላልኝ አታውቅም። ብርድ ልብሱ ሞቆኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ ልሄድ ነው። ስለ ስልኩ ይቅርታ ብላት «የምን ስልክ?» ትለኛለች፤ ታውቋታላችሁ። ምናልባት ምንም ሳልናገር ቡናውን ራሴ አፍልቼ... ወይም ልደር። አዎ፣ ዝናብ ከሆነ ልደር። ቅዳሜ ድረስ ግን ሦስት ሌሊት አለ፤ ዛሬ ራሱ... በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል መሰለኝ። እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማለች።