ጉሮሮ ያለው ቅርጫት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው አራት ኪሎ ካለችው ጠባብ ቤቴ ሲሆን፣ ከፊቴ እናቴ የሰፋችው አሮጌ መሶብ ተቀምጧል። መሶቡን ያነሣሁት ግን ስለ እንጀራ ለማውራት አይደለም፤ ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ የሚጠመድበት የወንዝ ቅርጫት ነው።

ኢል ከእጅ የሚያዳልጥ፣ ቀን በስርቻ ተደብቆ ሌሊት የሚንቀሳቀስ ዓሣ ስለሆነ፣ አጥማጆች ከመታገል ይልቅ ጠባዩን አጥንተው ረዥም ቅርጫት ሠሩለት። እንግሊዞች ከአኻያ ቀንበጥ፣ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ደግሞ ሂናኪ የሚሉትን ከሐረግ ይጎነጉናሉ። ምሥጢሩ ያለው ከአፉ ወደ ውስጥ እየጠበበ በሚገባው ጉሮሮ ላይ ነው። ዓሣው ለማባበያ የተቀመጠውን ትል ሽታ ተከትሎ በሰፊው አፍ ይገባል፤ ሊወጣ ሲል ግን የጉሮሮው ጫፍ በቅርጫቱ መካከል ስለሚቀር፣ ግድግዳውን እየታከከ ሲፈልግ ቀዳዳውን ያልፈዋል። በሩ ሳይዘጋበት ታሰረ ማለት ነው።

እናቴ በስንደዶና በአክርማ ስትሰፋ የምትጨነቀው ስፌቱ እንዲጠብቅ ነበር፤ ከላላ ፈትታ እንደገና ትጀምረዋለች። (ወስፌዋን እኔ እንድነካ ፈቅዳልኝ አታውቅም።) የኢል ቅርጫት ሠሪ ግን ውሃው እንዲያልፍና ትንንሾቹ እንዲያመልጡ ክፍተቱንም አስቦ ይሠራል። እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ መሶብ የሚመዘነው በጥብቀቱ ሲሆን፣ ይህኛው የሚመዘነው በሚለቀውም ጭምር ነው።

በአውስትራሊያ ቡጅ ቢም የጉንዲጅማራ ሕዝብ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቦይና ግድብ ሠርቶ በክፍተቶቹ ላይ ቅርጫት ይደግን ነበር። ቢያንስ 6,600 ዓመት ያስቆጠረውን ይህን ሥራ ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ድንጋዩ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ቅርጫቱ ግን የሚበሰብስ ነገር በመሆኑ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ሙያ ብቻ ይኖራል።

ኢል የሚራባው በባሕር ነው፤ የአውሮፓው ዝርያ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ እስካለው ሳርጋሶ ባሕር ይጓዛል፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እጅግ ለመጥፋት በተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የእኛ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ስለሚያበቃ፣ ለዚህ ዓሣ መንገድ ሊሆነው አይችልም።

የቅርጫቱን ፎቶ ለእናቴ ሳሳያት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ክዳኑ የት እንዳለ ነበር። በጭራው በኩል ያለውን ውታፍ ሳመለክታት፣ «እሱማ ለሚያወጣው ሰው ነዋ!» ብላ ሣቀች።