የጭስ ሙቀት ጌጁ 720 ሲል ማንን እንመን?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ወደ ቻናላችን በደህና መጣችሁ! ዛሬ የምናየው የናፍጣ ከባድ መኪና የጭስ ሙቀት ጌጅ ነው። የጭስ! የውሃ አይደለም።

ደጋግሜ የምለው በምክንያት ነው። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ትሉኛላችሁ፦ «ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፣ ጭሱ ግን 720 ይላል። ሞተሩ አልሞቀም፤ የተበላሸው ጌጁ ነው።» እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሞተር የሚበላው ይሄ ሐሳብ ነው።

በእንጨት የሚጋገርበትን የሸክላ ምጣድ አስቡ። ጭራሮ ሲጨመር እሳቱ ወዲያው ቦግ ይላል። ምጣዱስ? ምጣዱ ገና ነው። ወፍራም ሸክላ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚግለው። ጋጋሪዋ ምጣዱ እስኪነግራት ከጠበቀች እንጀራው አርሮ ይጠብቃታል። ስለዚህ ዓይኗ ከእሳቱ አይነሳም። ነበልባሉ ሲበዛ እንጨቱን ሳብ ታደርገዋለች። በቃ! የውሃ ጌጅ ምጣዱ ነው፣ የጭስ ጌጅ እሳቱ ነው።

ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ጭነት ይዛችሁ ስትወጡ፣ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ጭራሮ ጨመራችሁ። ጭሱ በሴኮንዶች ይግላል፤ ውሃው በጣም ዘግይቶ ነው የሚሰማው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፣ የብዙዎቻችሁ ፒስተንም የአሉሚኒየም ነው። እስካሁን ያልቀለጠው ዘይት ከሥር ስለሚያቀዘቅዘው፣ ነበልባሉም ለቅጽበት ብቻ ስለሚነካው ነው። ረጅም ዳገት ላይ ግን ይህ ሁሉ አቅም ያጣል። ውሃው 90 ላይ እያለ ፒስተን ሊቀልጥ ይችላል!

እሺ፣ ወደ ምርመራው። የጌጁ ሴንሰር ቴርሞካፕል ይባላል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፋቸው ተጋጥሞ ሙቀቱን ወደ ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ነው። ቶሎ ቶሎ እንሂድ።

ሴንሰሩ የት ነው የተተከለው? ከተርቦው (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር ከሚገፋው) በፊት፣ ማኒፎልዱ (የሲሊንደሮቹ ጭስ የሚሰበሰብበት ቱቦ) ላይ ከሆነ 700 አካባቢ ድንበራችሁ ነው። ከተርቦው በኋላ ከሆነ ጭነት ላይ ከ100 እስከ 200 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። እዚያ 600 ካያችሁ አትዝናኑ።

ሽቦውስ? ኬ የሚባለው ቴርሞካፕል በተራ የመዳብ ሽቦ አይቀጠልም፣ ቁጥሩ ይዛባል። በአሜሪካኖቹ የቀለም አሠራር ደግሞ ቢጫው ፖዘቲቭ፣ ቀዩ ኔጋቲቭ ነው። ቀዩ ኔጋቲቭ! እንደ ባትሪ ታስቦ ከተገለበጠ ሞተሩ ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል።

ጌጁ ዲጂታል ከሆነ ሴንሰሩን ንቀሉና የጌጁን ሁለት ተርሚናሎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። የአካባቢውን ሙቀት ካሳየ ጌጁ ደህና ነው። ከዚያ ሴንሰሩን ከጌጁ ጋር መልሳችሁ ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት። አዲስ አበባ ላይ ግን 100 አትጠብቁ፤ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ስምንት ዲግሪ አጎደለ ብላችሁ ጤነኛ ሴንሰር እንዳትጥሉ፣ አደራ።

ሁሉም ደህና ከሆነ ጌጁ እውነቱን ነው። ወይ አየር አንሷል፣ ወይ ነዳጅ በዝቷል። የአየር ፊልትሮውን እዩ። ሞተሩ ሲበርድ የኢንተርኩለሩን (ተርቦው የገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ቱቦ መጋጠሚያው ላይ በእጃችሁ ዳብሱት። አቧራ የያዘ የዘይት እርጥበት ካገኛችሁ አየሩ በዚያ እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ከጅቡቲ ስትነሱ ያልነበረ ሙቀት ደጋ ላይ ቢመጣም አይግረማችሁ፤ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። «ጉልበት ይጨምርልሃል» ብሎ የነዳጅ ፓምፑን ከፍቶ ነዳጅ የሚያበዛ መካኒክ ደግሞ ያናድደኛል። ጉልበቱን ዛሬ ይሰጣችኋል፣ ፒስተኑን ግን የምትገዙት እናንተ ናችሁ።

መንገድ ላይ ቁጥሩ ከወጣ እግራችሁን ቀለል አድርጉ፣ ማርሽ ቀንሱ። ዳገቱን እንደጨረሳችሁም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ ጭሱ ወደ 200 እስኪወርድ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) ይቆይ። ያለዚያ ተርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ይቃጠላል።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የኢንተርኩለር ቱቦ ማፍሰሱን እንዴት እንደምንፈትሽ አሳያችኋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ለሹፌር ጓደኞቻችሁም ላኩላቸው። ሴንሰራችሁ ከተርቦው በፊት ነው በኋላ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።