በእምዬ ደብተር ውስጥ ያለን ሁሉ

እህት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ለሁለት ወር ያህል ጠፍተን ነበር። አያታችን በጥር ወር ስላረፈች ነው። አርባዋን አውጥተን ነው ዛሬ ማይኩ ፊት የተቀመጥነው። ጋሼ፣ አለህ?

ወንድም፦ አለሁ። ደውላችሁ ላጽናናችሁን፣ ድንኳን ድረስ ለመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁላችንም እምዬ ነበር የምንላት፤ ዛሬም እንደዚያው እንላታለን።

እህት፦ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነበር። «ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»

ወንድም፦ እኛ ደግሞ እርስ በርስ እንተያያለን። መታወቂያዋ ላይ የልደት ዘመን 1932 ይላል። ጸሐፊው በግምት የሞላው ነው። እንደዚያ ከሆነ ጣሊያን ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ተወለደች ማለት ነው። እሷ ግን የጣሊያንን ጊዜ በዓይኗ ታስታውሳለች!

እህት፦ ጥርሷን ንገራቸው።

ወንድም፦ እምዬ የመንዝ ልጅ ናት። እዚያ አገር አመፀኛ ዋሻ የሚባል አለ፤ ዘረትም ይሉታል። በሚያዝያ 1931 የጣሊያን ጦር ዋሻው ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞች ከብቦ በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። ሴቶችና ልጆችም አብረው ነበሩ። የተረፈውን ወንድ አውጥተው ረሸኑ። የእምዬ መንደር ከዋሻው ራቅ ይላል፤ ወሬው ሲደርስ ግን እናቷ መሬት ላይ ስትወድቅ አይታለች። «ያኔ የፊት ጥርሴ ይነቃነቅ ነበር። በማግስቱ ወለቀ። ጣራ ላይ የሚወረውርልኝ ሰው አጣሁ፤ ሁሉም ያለቅሳል» ትል ነበር።

እህት፦ እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ነው ያደግኩት። ግን አንድም ቀን ሒሳብ አልሠራሁበትም።

ወንድም፦ እኔም እስከ ለቅሶው ድረስ። የልጅ ጥርስ የሚነቃነቀው በስድስት፣ በሰባት ዓመት ነው። ስለዚህ የተወለደችው በ1924 ወይም በ25 ነው። ዘጠና ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ዘጠና ሦስትም ሊሆን ይችላል።

እህት፦ በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ስንት እናቶች ዕድሜያቸው እንዲህ በጥርስ፣ በረሃብ፣ በንጉሥ ነው የሚታወቀው።

ወንድም፦ የሚገርመው ግን የእኛን ሁሉ ልደት የመዘገበችው እሷ መሆኗ ነው።

እህት፦ ወደ ደብተሩ እየመጣህ ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ እጇ እናውራ። እምዬ ፈታይ ነበረች። በወጣትነቷ ከመንዝ ጣርማ በር ድረስ በእግሯ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባች። ሽሮ ሜዳ ተቀመጠች። ለሸማኔዎቹ ድርና ማግ እየፈተለች ሰባት ልጅ አሳደገች። ጥጡን በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን በግራ እጇ ትይዛለች፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሾራለች። ልቃቂቱ ሲያድግ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ወንድም፦ የእንዝርቷ ድምፅ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እህት፦ አሁን ስለ ደብተሩ።

ወንድም፦ በ1971 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እምዬ አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት ቢሆናት ነው። ቀበሌው ማታ ማታ ያስተምር ነበር። ያ ዘመቻ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ለእኔ ግን ትልቁ ፍሬው ይህ ሰማያዊ ልባስ ያለው ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ነው። ፊደል እንደቆጠረች መጀመሪያ የጻፈችው ሰባት ቤቷን ነው።

እህት፦ ለማያውቁ ወጣቶች እናስረዳ። በእኛ ወግ ሰው ከመጋባቱ በፊት ዘር ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት ቤት። በዚያ መሐል ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም። እምዬ ያንን በቃሏ ታውቀው ነበር፤ የራሷን ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቱን ጭምር። ልጅ ሊድሩ ያሰቡ ሰዎች ስኳርና ቡና ይዘው ይመጡ ነበር። «እስቲ እርስዎ ይቁጠሩልን» ይሏታል።

ወንድም፦ ለእኔም ቆጥራልኛለች።

እህት፦ ጋሼ፣ ካልፈለግክ አታንሳው።

ወንድም፦ አይ፣ ላንሳው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያወቅኳት ልጅ ነበረች። አራት ዓመት አብረን ነበርን። ላስተዋውቃት እምዬ ቤት ወሰድኳት። ቡና ተፈላ። አቦል ላይ እምዬ እየሳቀች «የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። «አባትሽስ የማን ልጅ ነው? ከየት ነው የመጡት?» ቶናው ላይ ዝም አለች። በረካው ሲቀዳ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኘን።

እህት፦ እኔ ጓዳ ነበርኩ። ረከቦቱን ሳነሳ ፊትህን አየሁት።

ወንድም፦ የልጅቷ ቤተሰብም ሲሰማ እምቢ አለ። እንዲሁ ቀረ። አንድ ዓመት ተኩል የእምዬን ደጅ አልረገጥኩም። በዓል ሲሆን እንኳ አልሄድኩም።

እህት፦ እኔ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ነገር ከእምዬ ጋር አልስማማም። አምስት ቤት ሩቅ ነው። በሕይወት እያለችም ነግሬያታለሁ።

ወንድም፦ እኔም ልስማማ አልችልም። ግን አንድ እሑድ ጠዋት ቃሊቲ ቤቴ በር ተንኳኳ። እምዬ ናት። ዕድሜዋ ወደ ሰማንያ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሦስት ታክሲ ቀይራ፣ ድፎ ዳቦና ፌስታል ይዛ። ተቀመጠችና «ላስከፋህ ብዬ አይደለም ልጄ። የማውቀውን እንደማላውቅ መሆን አልሆንልኝ አለ» አለች። ከፌስታሉ ጋቢ አወጣች። ራሷ የፈተለችው። «ለሠርግህ ነበር። ሠርጉ ቢቀር ብርዱ አይቀርም» ብላ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው።

እህት፦ ...

ወንድም፦ አታልቅሺ ሚጣ። እኔንም ታስጀምሪኛለሽ።

እህት፦ እሺ። እሺ። አንድ ገጽ ላንብብ። የእኔን።

ወንድም፦ አንብቢው።

እህት፦ «ግንቦት 21 ቀን 83። ማርያም። ሴት። በቤት ውስጥ፣ በኩራዝ። ትናንት ታንክ ገባ። እናትም ልጅም ደህና። ልጅቷ ድምፅዋ ትልቅ ነው።» ከሥሩ ደግሞ በሌላ እስክርቢቶ፦ «ግንቦት 27። መድኃኔዓለም። ሊነጋጋ ሲል የነፋስ ስልክ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሕፃኗ አልነቃችም።»

ወንድም፦ ሰላሳ አንድ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም እንዲህ ተጽፏል። ቀኑ፣ ታቦቱ፣ አገሩ የነበረበት ሁኔታ። የልደት ካርድ ላይ ቀኑ ይጻፋል፣ እንደዚህ ያለው ግን የለም።

እህት፦ የራሷ ገጽ ብቻ የለም። ሦስት ጊዜ ገልጬ ፈልጌዋለሁ።

ወንድም፦ ጥርሷን እኛ እንጽፍላታለን።

እህት፦ አሁን ያለንበትን ችግር ንገራቸው።

ወንድም፦ ባለፈው ሳምንት የአጎታችን ልጅ ደወለች። እጮኛዋ እናቱ የመንዝ ናቸው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይቆጠርልኝ አለች። እምዬ የለችም። ደብተሩን አወጣን። ስድስተኛው ቤት ላይ ያለው ስም በውሃ ደብዝዟል። መጀመሪያው «ወ» ነው። ከዚያ ወዲያ አይነበብም።

እህት፦ እናታችን አታውቀውም። አክስቶቻችንም አያውቁትም። ስንት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጠን ቡና ጠጣን! ስልካችን ኪሳችን ውስጥ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልቀዳናትም። እኔ በሥራዬ የሰው ድምፅ የምቀዳ ሰው ነኝ።

ወንድም፦ አርባው ላይ ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ታስታውሻቸዋለሽ? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ላይ የተቀመጡት። የእምዬ የአክስት ልጅ ናቸው። ደውዬላቸው ነበር፤ ስልክ አይሰማቸውም። «ኑ፣ ፊት ለፊት ልንገራችሁ» አሉ።

እህት፦ ስለዚህ ቅዳሜ መሀል ሜዳ እንሄዳለን። መቅጃውን ቻርጅ አድርጌዋለሁ።

ወንድም፦ ደብተሩን እኔ እይዛለሁ።

እህት፦ ጋቢህንም ያዝ። እዚያ ማታ ማታ ይበርዳል።