ሰው የሌለበት ደሴት የማን ነው?

ስለ ጣና ደሴቶችና ዳርቻ ጥበቃ በባሕር ዳር ለተሰበሰቡ ታዳሚዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከየገዳማቱ የመጣችሁ መነኮሳት፣ የጀልባ ማኅበራት አባላት፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

የተጠራሁት ስለ ጣና እንድናገር ነው። ጣና ከመድረሴ በፊት ግን አንድ ሩቅ ደሴት ደርሰን እንድንመለስ ፍቀዱልኝ። የደሴቱን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኛን በኛው እጠራለሁ።

ደሴቱ ክሊፐርተን ይባላል። ያለው በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከሜክሲኮ ጠረፍ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ዙሪያው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ኮራል ከሚባሉ ትንንሽ የባሕር እንስሳት አጽም የተሠራው መሬት እንደ ምጣድ ከንፈር ጠባብ ሆኖ መሃሉ የታቆረ ውኃ ነው። ከፍታ ያለው አንድ 29 ሜትር ቋጥኝ ብቻ። ፈረንሳዮች በ1711 በስቅለት ዕለት ስላዩት «የሕማማት ደሴት» አሉት። ክሊፐርተን ደግሞ የእንግሊዝ የባሕር ወንበዴ ነበር። ከሁለቱ ስም የጸናው የወንበዴው ነው፤ ምን ይደረግ።

ዛሬ ማንም አይኖርበትም፤ የፈረንሳይ ግዛት ነው። እንዴት የፈረንሳይ ሆነ ካላችሁ፣ በ1858 አንድ የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን በመርከብ ቀረበና አዋጁን እዚያው መርከቡ ላይ ቆሞ አነበበ። ጥቂት ሰዎች ከማዕበሉ ጋር ታግለው በጀልባ ወረዱ፤ ምልክት እንኳ ሳይተዉ ተመለሱ። አዋጁ በሆኖሉሉ ጋዜጣ ታተመ፤ በቃ። በ1897 ሜክሲኮ የጦር መርከብ ልካ ባንዲራዋን ሰቀለች፤ ቆይታም ወታደር አሰፈረች። ነገሩ ክርክር ሆነና ሁለቱም በአንድ ዳኛ ተስማሙ። ዳኛው የኢጣሊያው ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ ነበር።

አዎ፣ እሱው ራሱ። ፍርዱን የሰጠው በኛ አቆጣጠር ጥር 20 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ ገና ሦስት ወር አልሞላም። ደሴቱ ባዶ ስለነበር ፈረንሳይ አዋጇን ማሳወቋ ይበቃታል፣ ሰው ማስፈር አይጠበቅባትም፣ ትቼዋለሁም አላለችም ብሎ ለፈረንሳይ ፈረደ። የሕግ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል፤ እኔም በራሱ መጥፎ ፍርድ ነው አልልም። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን ሮማ ላይ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ ታወጀለት። ሰው ለሌለበት ኮራል ይበቃል ያለውን ወረቀት፣ ሰው ለሞላበት አገርም ያበቃዋል ብሎ አሰበ። በላይ ዘለቀና የጎጃም አርበኞች ያንን ወረቀት እንዴት እንዳነበቡት ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ወደ ደሴቱ ልመለስ። ሰው እዚያ የሄደው ለወፍ ኩስ ነበር፤ ፎስፌት አለው፣ ለማዳበሪያ ይቆፈራል። የሜክሲኮ ወታደሮችም ከነሚስትና ከነልጆቻቸው ሰፈሩ። አገራቸው በአብዮት ስትታመስ፣ ከ1914 ጀምሮ ስንቅ የሚያመጣው መርከብ ቀረ። አትክልት የለም፣ ፍራፍሬ የለም፤ ስከርቪ የሚባለው በሽታ ጨረሳቸው። በ1915 አዛዡ በሩቅ መርከብ ታየኝ ብሎ በጀልባ ሲቀዝፍ ከነተከታዮቹ ሰጠመ። የቀሩት ሴቶችና ሕፃናት፣ ከነሱም ጋር አንድ የመብራት ማማ ጠባቂ ነበር። ይህ ሰው «ንጉሥ ነኝ» ብሎ ሴቶቹን ሲደፍርና ሲገድል ኖረ። ሐምሌ 1917 አንዲቱ ሴት ገደለችው። ወዲያው የአሜሪካ የጦር መርከብ ደርሶ 4 ሴቶችና 7 ሕፃናትን አወጣ። ስለ ባለቤትነቱ የሚሟገቱት ሁለት መንግሥታት ነበሩ፤ ያዳናቸው ሦስተኛው ነው።

ሰው ሲወጣ አሳማው ቀረ። አሳማ የወፍ እንቁላልም ሸርጣንም ይበላል። በ1958 አንድ አሜሪካዊ የወፍ ተመራማሪ ሲደርስ ትልልቆቹ የባሕር ወፎች ጥቂት መቶ ብቻ ቀርተው አገኘ፤ ጠመንጃውን አንስቶ 58ቱንም አሳማ ገደለ። ወፎቹ ከ100,000 በላይ ሆኑ። ሸርጣኑም በሚሊዮን ረባና ለምለም የተባለውን ሁሉ ግጦ ደሴቱን ራቁቱን አስቀረው። ከ1999 ወዲህ ደግሞ መርከቦች ተሰባብረው ዳር ሲወጡ አይጥ ገባ። አይጡ ሸርጣኑን አሳነሰው፤ ሣሩ እንደገና በቀለ። ለመለመ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ አይጥ ወደ ጫጩት መዞሩ አይቀርም።

አስተዳደሩ? ከ2007 ወዲህ በቀጥታ ፓሪስ ካለው የባሕር ማዶ ግዛቶች ሚኒስትር ሥር ነው፤ በውክልና የሚጠብቀው ሹም ያለው ታሂቲ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። አልፎ አልፎ የጦር መርከብ ጎራ ይላል። ለዚህች ትንሽ መሬት ሲባል ፈረንሳይ የአገራችንን ስፋት ሲሶ የሚበልጥ ባሕር ይዛለች፤ ቱና ዓሣው ብዙ ነው።

እንግዲህ ፈረንሳይ ወረቀት አላት፣ እዚያው የሚውል የሚያድር ጠባቂ የላትም። የኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። በጣና ዳርቻ ያለውን የዘጌን ልሳነ ምድር ተመልከቱ። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት አድርገው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ሲባል ሰምተን አድገናል። በዚያ ቃል ኪዳን ምክንያት እዚያ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም። ደኑ የቆመው በአዋጅ ሳይሆን በዚህ ነው። በክብራንም በእንጦንስም ደሴቶች ዛፍ ከመቆረጡ በፊት የሚጠየቅ አባት አለ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግብ፣ ያገኘው እነዚህ ሰዎች ጠብቀው ያቆዩትን ነው። የነሱ ደንብ ግን አብዛኛው በቃል የሚኖር ነው፤ ሽማግሌው ሲያልፍ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በዳርቻው ላይ የትኛውም ፕላን ከመጽደቁ በፊት የየገዳሙና የየቀበሌው ልማድ ተጽፎ፣ መነኮሳቱና ገበሬዎቹ ፈርመውበት ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይግባ። ሁለተኛው የናንተ የጀልባ ሰዎች ነው። ከሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የምትመጡ፣ ከመነሣታችሁ በፊት መረባችሁንና የሞተሩን መዘውር አራግፉ፤ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም እንዲዛመት አንዲት ቁራጭ ትበቃለች። ወደ ገዳማቱ እህል ስትጭኑም ጆንያውን ከወደቡ ላይ ፈትሹ፤ አይጥ ክሊፐርተን የገባው በመርከብ ነው። የፍተሻውን ተራ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከማኅበራቱ ሊቀ መናብርት ጋር እናወጣለን፤ የምትችሉ ቆዩልን።

አመሰግናለሁ።