ሽቦው ሳይነቃነቅ የሚያፏጨው ለምንድን ነው?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ነፋስ ላይ የተወጠረ ሽቦ ሲያፏጭ የሰማ ሁሉ «እየተርገበገበ ነው» ይላል። ሽቦው ግን ንቅንቅ ሳይልም ያፏጫል።

አየሩ ሽቦውን ሲያልፍ ከጀርባው አዙሪት ይፈጠራል፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እየተፈራረቀ ይላቀቃል። አዙሪቱ በተፈራረቀ ቁጥር ሽቦው ላይ የሚያርፈው ኃይል አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ ሽቦውም በአጸፋው አየሩን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋል። ጆሯችን የሚደርሰው ይኸው የሚዋዥቅ ግፊት ነው።

የቼክ የፊዚክስ ሊቅ ቪንሴንስ ስትሩሃል እ.ኤ.አ. በ1878 እንዳሳየው፣ የድምፁን ቅጥነት የሚወስኑት የነፋሱ ፍጥነትና የሽቦው ውፍረት ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን ለውፍረቱ አካፍላችሁ በ0.2 አባዙ። 3 ሚሊሜትር ሽቦ በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ 667 ሄርዝ (በሰከንድ 667 ምት) ገደማ ያሰማል። ውፍረቱን ወደ ሜትር ሳይቀይር የሚያሰላ ሰው የሚያገኘው ከአንድ ሄርዝ በታች ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። 0.2 የሚሠራው ለክብ ዘንግ መሆኑንም ልብ በሉ፤ ማዕዘን ላለው ቁጥሩ ሌላ ነው።

ታዲያ ሽቦውን ማጥበቅ ፉጨቱን ያስቀራል? አያስቀርም። ውጥረት ለውጥ የሚያመጣው የአዙሪቱ ድግግሞሽ ከሽቦው የተፈጥሮ ድግግሞሽ፣ ማለትም ሽቦው ሲነካ በራሱ ከሚርገበገብበት ምት፣ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ያኔ ሽቦው በእርግጥ ይርገበገባል፤ አዙሪቱንም በራሱ ምት ያስገባዋል፣ የነፋሱ ፍጥነት ትንሽ ቢለወጥ እንኳ ድምፁ አይለወጥም። 2 ሜትር ውፍረት ያለው የጭስ ማውጫ በዚያው ነፋስ የሚያገኘው 1 ሄርዝ ነው። አይሰማም፤ ከተፈጥሮ ድግግሞሹ ጋር ከገጠመ ግን ሊሰብረው ይችላል።

መፍትሔው በዘንጉ ዙሪያ ጠመዝማዛ ሽቦ መጠቅለል ነው፤ የመኪና አንቴና ላይ አይታችሁት ይሆናል። ድምፁ የሚጎላው አዙሪቱ በዘንጉ ርዝመት ሁሉ እኩል ሲላቀቅ ስለሆነ፣ ጥምዝምዙ ያንን ኅብረት ያፈርሰዋል። ፍጥነትን መቀነስም ከምትገምቱት በላይ ይረዳል፤ የድምፁ ኃይል በፍጥነቱ 6ኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ 18 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ያወርዳል።

ለመለካት ስትነሡ ማይክሮፎኑን ነፋሱ ውስጥ አታስገቡት፤ እሱም ራሱ ነፋስ የሚመታው ጠጣር አካል ነውና የራሱን ድምፅ ያሰማችኋል። ሽቦውም ነፋሱም አግድም ከሆኑ ከሽቦው በላይ ወይም በታች አስቀምጡት። በነፋሱ አቅጣጫ ከፊት ወይም ከኋላ ብታደርጉት ዋናው ድምፅ ይጠፋና በእጥፍ ድግግሞሽ የሚሰማ ደካማ ድምፅ ብቻ ትመዘግባላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ሽቦውን አውጥታችሁ የነፋሱን ብቻ ድምፅ ለኩ።

አመሰግናለሁ።